የጋይንት እንደራሴ

የጋይንት እንደራሴ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረውን የጋይንትን አውራጃ፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የላይ ጋይንትን፣ የታች ጋይንትንና የአጎራባቾቻቸውን ሕዝብ ወክሎ በምክር ቤት የሚቀመጥ ሰው ነው። የአውራጃው መቀመጫ ንፋስ መውጫ ነበረች።

ስያሜው

ቃሉ «እንደ» እና «ራሴ» ከሚሉት እንደተጣመረ በአብዛኛው ይታመናል፤ ላኪው «እሱ ሲናገር እኔ እንደተናገርሁ ቁጠሩት» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ግን የሕዝብ ቃል አልነበረም። ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሲባሉ ላኪዋ ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ወደ አሥመራ የተላኩት ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባሉ ነበር። ቃሉ ከዙፋን ወደ ገበሬው ደጅ የወረደ ይመስላል። በሕዝብ ምርጫ ጊዜ የ«ራሴ» ባለቤት ተለወጠ፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

የምርጫው አጀማመር

የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ውጊያ ከወደቁ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመምረጡን ሥራ ለመኳንንትና ለአካባቢ ሹማምንት ሰጠ። ሕዝቡ ራሱ የመረጠው የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ተወዳዳሪው 25 ዓመት የሞላውና በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ፓርቲ አልነበረም።

የንብረቱ ግዴታ በጋይንት የተለየ ትርጉም ሳይኖረው አልቀረም። አገሩ የርስት አገር ነበር፤ መሬት በዘር ይቆጠር ነበር እንጂ እንደ ዕቃ ለባዕድ አይሸጥም ነበር። ስለዚህ ለእንደራሴነት የሚቀርበው ሰው በአብዛኛው ራሱ ባለርስት ነበር። የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በጎጃም ዐመፅ ሲያስነሣ፣ የመሬት መለካት ርስትን ሊነቅል መጣ የሚለው ሥጋት ለእንደራሴውም የቤቱ ጉዳይ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በባናው ሥር አቤቱታ ይዞ አዲስ አበባ የሚደርስ መራጭም የሚጠይቀው ከዐዋጅ ይልቅ ስለ አንድ የድንበር ክርክር ሳይሆን አይቀርም።

በደርግ ዘመን

ፓርላማው በ1967 ዓ.ም. ተበተነ። በ1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ

ተወካዩ አሁን «የተከበሩ» ይባላል። አማራ ክልል በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 138፣ በክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት። ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሣት እንደሚችል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ይደነግጋል።

የስብሰባ ዘመንና መንገዱ

የንጉሡ ዘመን ፓርላማ ጥቅምት 23፣ በዘውድ በዓሉ ቀን ይከፈትና እስከ ክረምት መግቢያ ይቆይ ነበር። እንደራሴው ወደ አገሩ የሚመለሰው ሰማዩ ለዝናብ ሲከፈት፣ የጉና ተራራ በጉም ሲሸፈን፣ ገብሱም ገና ሳይደርስ ነው። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው፣ አገሬው የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና የተሠራው ከአብዮቱ በኋላ ስለሆነ፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ የሚጠብቀው በቅሎና ጭቃ ነበር። መራጭና ተመራጭ የሚገናኙበት ወር መንገዱ የሚዘጋበት ወር ሆነ ማለት ነው። በአሁኑ ሕገ መንግሥት ስብሰባው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይዘልቃል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ስለተፈቀደ፣ ንፋስ መውጫ ላይ የጋይንት ገበሬ ተወካዩን በበጋ አግኝቶ የሚጠይቅበት ጊዜ ያች አንዲት ወር ናት።