ታጅ ማሃል ሲዘጋ ሰማዩ ለምን ጠራ?

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020 በዓመት ሚሊዮኖች የሚጎበኙት የህንዱ ታጅ ማሃል በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ልክ በሳምንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ለ21 ቀናት ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። ባቡሩ ቆመ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ ፋብሪካው ጸጥ አለ።

ውጤቱ ለመታየት ብዙ ቀን አልፈጀም። በፑንጃብ ግዛት የጃላንዳር ነዋሪዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ለአስርት ዓመታት በጭስ ተጋርደው የኖሩትን የዳውላዳር ተራሮች በዓይናቸው አዩ። የናሳ ሳተላይቶችም በሰሜን ህንድ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ በ20 ዓመታት ውስጥ ወደታየው ዝቅተኛ መጠን መውረዱን መዘገቡ። ታጅ ማሃል ያለባት አግራም የዚሁ ሰማይ ተካፋይ ናት።

ታዲያ አየሩን ያቆሸሸው ቱሪስቱ ነበር ማለት ነው? ታሪኩ እንደዚያ አይልም።

ሻህ ጃሃን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለሟች ባለቤቱ ለሙምታዝ ማሃል ያሠራው ነጭ እብነ በረድ መልኩን እየቀየረ መምጣቱ ያሳሰበው ጠበቃ ኤም ሲ ሜህታ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ጉዳዩን ለህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበ። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጀ። ዲሴምበር 30 ቀን 1996 ፍርድ ቤቱ በአካባቢው የድንጋይ ከሰል የሚያነድዱ 292 ፋብሪካዎች ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲቀየሩ፣ ካልሆነም አካባቢውን እንዲለቁ ወሰነ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው ክፍል አለ። ፍርድ ቤቱ ሠራተኛውን አልረሳውም። ፋብሪካው ሲዛወር ሥራው እንዲቀጥል፣ በዝውውሩ ጊዜ ደመወዙ እንዳይቋረጥ፣ አብሮ ለሚሄደውም የአንድ ዓመት ደመወዝ መቋቋሚያ እንዲከፈለው አዘዘ።

ውሳኔው ሁሉንም አልፈታም። የህንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ ባደረጉት ጥናት እብነ በረዱን የሚያጠቁረው ጥላሸትና አቧራ እንደሆነ አረጋገጡ። ጥላሸቱ የሚመጣው ከመኪና ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ከሚቃጠል ቆሻሻ፣ ከማገዶና ከኩበት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳኞቹ ስለ ሕንፃው ቀለም መለወጥ መንግሥትን እንደገና በቁጣ ጠየቁ።

የ2020ው መዘጋት ፍርድ ቤት በዓመታት ያላገኘውን ጥራት በቀናት አስገኘ። ሂሳቡን የከፈለው ግን ድሃው ነው። የአግራ አስጎብኚ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ፎቶ አንሺና እብነ በረድ ቀራጭ በአንድ ቀን ገቢ አልባ ሆኑ። በየከተማው የነበሩ የቀን ሠራተኞች መጓጓዣ አጥተው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ መንደራቸው ተጓዙ። ለእነርሱ መቋቋሚያ የሚባል ነገር አስቀድሞ አልታሰበም።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2020 ታጅ ማሃል በቀን ለ5,000 ጎብኚ ብቻ ተከፈተ። የውጭ ቱሪስት ገና መግባት አልተፈቀደለትም። ሆኖም በኖቬምበር የገበሬው ገለባ ሲቃጠል፣ ፋብሪካና መኪና ሲመለስ፣ ደልሂና አካባቢዋ እንደወትሮው በጭስ ታፈኑ። ቱሪስቱ ሳይመለስ ጭሱ ተመለሰ። ዋናው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጎብኚን ማስቀረት አየርን ለጊዜው ያጠራል፣ የከተማውን ጉሮሮ ግን ይዘጋል። የሚቃጠለውን ነገር መቀየር ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ የሠራተኛውንም እንጀራ አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል። አግራ ሁለቱንም መንገድ አይታለች። በአዋጅ የመጣው ጥራት ከአዋጁ ጋር ሄዷል፤ ፋብሪካዎቹን ከድንጋይ ከሰል ያላቀቀው የ1996ቱ ውሳኔ ግን፣ ጎዶሎ ቢሆንም፣ ማንንም ቤቱ ሳይዘጋ የመጣ ነው።