ሦስት እንቁላል

አንታርክቲካ የሚባለው አህጉር ስፋቱ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 98 በመቶው በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን፣ የበረዶው ውፍረት በአማካይ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ በረዶ እያለ ግን አገሩ በረሃ ነው፤ ሰማዩ ጠብታ ይሰስታል። መሀል ክረምት ላይ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም።

ታዲያ በዚያ ጨለማ እንቁላል የሚታቀፍ ወፍ አለ ቢባል ማን ያምናል? አለ፤ ኢምፐረር ፔንግዊን ይሉታል። እናቲቱ እንቁላሉን ለአባትየው አስረክባ ወደ ባሕር ትወርዳለች። እሱ እግሩ ላይ አኑሮ፣ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ፣ ከሁለት ወር በላይ ምንም ሳይቀምስ ይቆማል።

በፈረንጆች 1911፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ በሚገባበት በሰኔ፣ ከካፒቴን ስኮት ቡድን ሦስት ሰዎች ይህን እንቁላል ፍለጋ ተነሡ፦ ኤድዋርድ ዊልሰን፣ ሄንሪ ባወርስና አፕስሊ ቼሪ ጋራርድ። በዘመኑ ይህ ወፍ እጅግ ጥንታዊ ነው፣ ጽንሱ ቢመረመር ወፎች ከተሳቢ እንስሳት መምጣታቸውን ያሳያል ተብሎ ይገመት ነበር። ጓዛቸውን በበረዶ ላይ እየጎተቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጓዙ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ደረሰ። ማዕበል ድንኳናቸውን ነጥቆ ወሰደው፤ ደግነቱ ወድቆ አገኙት። ካነሡት 5 እንቁላል 2ቱ ተሰብረው፣ በአምስት ሳምንታቸው 3ቱን ይዘው ተመለሱ።

በ1912 ዊልሰንና ባወርስ ከስኮት ጋር ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ ሞቱ። ቼሪ ጋራርድ በ1913 እንቁላሎቹን ለንደን ላለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አደረሰ። እሱ እንደጻፈው፣ እዚያ የጠበቀው ምስጋና ሳይሆን ኮሪደር ላይ መጉላላት ነው። በ1934 የወጣው ሪፖርት ደግሞ እንቁላሎቹ ስለ ፔንግዊን ጽንስ ብዙም የጨመሩት ዕውቀት እንደሌለ ተናገረ። በመካከሉ ያ ግምት ራሱ ተቀባይነት አጥቶ ነበር።

“ለዚህ ነው ያ ሁሉ መከራ?” ትሉኝ ይሆናል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርም “ምን ይጠቅማል?” የሚል ተማሪ አላጣሁም። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ክፋቱ መልሱን ገና ሳንነሣ መፈለጋችን ነው። ከዚያው አህጉር በረዶ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ አየር ዛሬ የ800,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ ይነግረናል። የቱ ፍለጋ ባዶ፣ የቱ ሙሉ እንደሚሆን መነሻው ላይ ቆሞ የሚያውቅ የለም። ትርፉን ካላየሁ አልነሣም የሚል ግን ባዶውንም ሙሉውንም አያገኝም። ሦስቱ ሰዎች ሄደው አዩ። ያመጡትን በክብር መቀበል ደግሞ እቤት የቀረነው ዕዳ ነው።