የበጎ አድራጎት ድርጅትን ሕጋዊነት ማረጋገጥ

ለጋሽ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት የተቀባዩን ምዝገባ፣ የባንክ ሒሳብና የሥራ ክንውን የሚያጣራበት ተግባር።

ሕጋዊ መሠረት፦ በኢትዮጵያ ዘርፉ የሚመራው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን፣ አዋጁ የ2001 ዓ.ም.ን አዋጅ ቁጥር 621 ተክቷል። ሕዝብን ለመጥቀም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በአዲስ አበባ የሚሠሩ ድርጅቶችን የሚመዘግበው የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። የሃይማኖት ተቋማት፣ ዕድርና ዕቁብ በአዋጁ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ በዕድር ስም የሚሰበሰብ መዋጮ የሚጣራው ከዕድሩ ዳኛና ከአባላቱ ነው።

አሠራር፦ በአዲስ አበባ ሳሪስ ሰፈር እንደ ሌላው የከተማዋ ክፍል የታካሚ ፎቶና የሐኪም ማስረጃ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እርዳታ ሲለምን ይታያል። ማኅተም ያለበት ፎቶ ኮፒ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማስረጃውን ሰጠ የተባለውን ሆስፒታል መጠየቅ ይገባል። ድርጅት ከሆነ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ፣ የኦዲት ሪፖርቱና ቢሮው ይታያሉ። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲላክ የተቀባዩ ስም ከማረጋገጫው በፊት ይወጣል፤ በድርጅቱ ስም ፈንታ የግለሰብ ስም ከመጣ ክፍያውን ማቆም ያስፈልጋል። ደረሰኝ መቀበልም የለጋሹ መብት ነው።

ፋይዳ፦ ማጣራት ርኅራኄን አይቀንስም። አስመሳይ የሚወስደው ገንዘብ ከእውነተኛው ችግረኛ የተነጠቀ ነውና፣ ለጋሽ ሁሉ ጠይቆ ይስጥ።