የሴራ ትርክት
የሴራ ትርክት፣ አንድ ታላቅ ክስተት በስውር የተደራጁ ኃያላን ያቀናበሩት ነው ብሎ በቂ ማስረጃ ሳይኖር የሚያምን አስተሳሰብ ነው። ሴራ በታሪክ በእርግጥ ተፈጽሟል፤ ትርክቱን ልዩ የሚያደርገው የማስረጃ መጥፋትን ራሱን የመደበቅ ምልክት አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ሰዎችን ወደ ትርክቱ ከሚስቧቸው ነገሮች አንዱ ለከባድ ጉዳት የሚመጥን ከባድ ምክንያት የመሻት ዝንባሌ ነው። ሥጋት፣ የአቅመ ቢስነት ስሜትና በመንግሥት ላይ ያለ አመኔታ መጓደልም ያባብሱታል።

ዋነኛው ምሳሌ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በዳላስ የተገደሉበት ሁኔታ ነው። ተጠርጣሪው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ከሁለት ቀን በኋላ በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ ቴሌቪዥን በቀጥታ እያስተላለፈ፣ በጃክ ሩቢ ተተኩሶበት ስለሞተ ጉዳዩ ለችሎት አልቀረበም። ግድያውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን በ1964 ኦስዋልድ ብቻውን ገዳይ ነው ሲል ደመደመ። ይሁን እንጂ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የኩባውን መሪ ፊደል ካስትሮን ለመግደል ማሴሩን ከኮሚሽኑ መደበቁ በ1970ዎቹ ተጋለጠ፤ ከግድያው ጀርባ ሴራ አለ የሚለውን ጥርጣሬ ከየትኛውም አሉባልታ በላይ ያጠናከረው ይህ እውነተኛ ምስጢር ነው ማለት ይቻላል። በ1979 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ የተኩሱን ድምፅ ይዟል በተባለ ቅጂ ላይ ተመርኩዞ ሴራ ሳይኖር እንዳልቀረ ገለጸ፤ በ1982 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ባለሙያዎች የቅጂውን ትንተና ውድቅ አደረጉት።