ፊልም ሙቀት ለምን ይፈራል? ከዙላ እስከ መተማ

ሚያዝያ ላይ መተማ ናችሁ እንበል። ውጪው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል፤ የቀዳችሁት ውኃ ራሱ ለብ ያለ ነው። በእጃችሁ ያልታጠበ ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ፤ የዴቨሎፐሩ መመሪያ ደግሞ 20 ዲግሪ ይላል። ምን ታደርጋላችሁ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የቋራውን ካሳን፣ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶ አንሺዎችም ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረዱ። ያኔ መስታወት ላይ ኮሎዲዮን ይፈስሳል፣ በብር ናይትሬት ይነከራል፣ ሳይደርቅ ፎቶ ይነሣበታል፣ እዚያው ጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ኮሎዲዮን የሚሟሟው በኤተርና በአልኮል ነው፤ ኤተር ደግሞ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቆላ ላይ መስታወቱ ቶሎ ደረቀ ማለት ፎቶው ጠፋ ማለት ነው። ያም ሆኖ የመቅደላን ፎቶ ይዘው ተመለሱ። የአፄ ቴዎድሮስን የሞት ገጽታ ያቆየልን ግን ካሜራ ሳይሆን የሪቻርድ ሆልምስ እጅ ሥዕል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኮሎዲዮን ፈንታ ጄላቲን ሞከረ። የዛሬው ፊልምም ብሩን የሚይዘው በጄላቲን ነው። የመድረቅ ጣጣ ቀረ፤ ሌላ ጣጣ መጣ። ጄላቲን ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ የረጋ የአጥንት መረቅ እሳት ሲያገኘው እንደሚፈታው ማለት ነው። ለሞቃት አገር የተዘጋጁ ቀመሮች ሶዲየም ሰልፌት የሚጨምሩት እብጠቱን ለመቀነስ ነው። ክሮም አልም ደግሞ ጄላቲኑን ያጠነክራል።

አሁን ወደ እናንተ ፊልም እንምጣ። ሲበላሽ አትገምቱ፤ መርምሩ። መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። ፋብሪካው ያተማቸው ቁጥሮች ጎልተው ምስሉ ከሌለ ዴቨሎፐሩ ሠርቷል፤ ካሜራውን ጠርጥሩ። ቁጥሮቹም ከደበዘዙ ዴቨሎፐሩ ደክሟል ወይም ሰዓቱ አንሷል። ሁሉም ከመጠን በላይ ከጠቆረ ሙቀቱ ወይም ሰዓቱ በዝቷል። ወተት የመሰለ ከሆነ ፊክሰር አልጠገበም፤ አዲስ ፊክሰር ውስጥ መልሱት፣ ይድናል። በበጋ እንደሚሰነጣጠቅ ዋልካ መሬት በቀጭኑ ከተሰነጣጠቀ ግን ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲገባ ሙቀቱ ዘሏል። ይኼ አይድንም።

ማቀዝቀዣውስ? እንስራ አለ አይደል! ሸክላ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 1 ግራም ውኃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ይወስዳል። 1 ሊትር ውኃ በ10 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ 42,000 ጁል ያህል መውጣት አለበት፤ በስሌት 18 ግራም ገደማ ላብ መሆኑ ነው። ከውጪ ሙቀት ስለሚገባ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ክረምት ላይ አየሩ ስለሚረጥብ እንስራው ይሰንፋል፤ ያኔ በረዶ በፌስታል ቋጥራችሁ ዕቃዎቹ የተቀመጡበት ውኃ ውስጥ ጨምሩ።

20 አልደርስ ካለ ዴቨሎፐሩንም ፊክሰሩንም ማጠቢያ ውኃውንም 24 ላይ አስተካክሉና የዴቨሎፐሩን ሰዓት አሳጥሩ፤ በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈጀው በ24 ወደ 7 ደቂቃ ይወርዳል። አያታችሁን ያነሳችሁበትን ፊልም ከመንካታችሁ በፊት ግን በቁራጭ ፊልም ሞክሩ። ቁራጭ ቢበላሽ ሌላ ይገኛል።