«ተአምር» የተባለው ድልና ከቡድኑ የተቀነሰው ሰው

የካቲት 14 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980)፣ በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ትንሿ ሌክ ፕላሲድ ከተማ፣ በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ አሜሪካውያን ወጣቶች የሶቪየት ኅብረትን የበረዶ ሆኪ ቡድን 4 ለ 3 አሸነፉ። ሶቪየቶች በአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ወርቁን ለማንም አላስነኩም ነበርና አሜሪካውያን ድሉን እስከ ዛሬ «ተአምር» ይሉታል። ስያሜው ለፊልም ይመቻል፤ የአሰልጣኙን የሄርብ ብሩክስን ልፋት ግን ይጋርደዋል። ያን ምሽት የታየው፣ አንድ ተጫዋች ከደረሰበት ሽንፈት ተነሥቶ ለሃያ ዓመታት ያበሰለው ስልት ነው።

ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1937 በሚኒሶታ ግዛት ሴንት ፖል ከተማ ተወለደ። በ1960 ለስኳው ቫሊ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ቆይቶ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከቡድኑ ተቀነሰ። ቡድኑ ያለ እሱ ሄዶ ወርቅ አመጣ። አባቱም አሰልጣኙ የቀነሰው መቀነስ ያለበትን ሰው ነው ብለውታል ይባላል። በ1964ና በ1968 ኦሊምፒኮች ተሰለፈ፤ ሜዳሊያ ግን አላገኘም። ሁለቱንም ጊዜ ወርቁን የወሰዱት ሶቪየቶች ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ እያንዳንዱ አጥቂ በራሱ መስመር ሽቅብና ቁልቁል ይመላለስ፣ ፓኳንም (የሆኪዋን ጠፍጣፋ ዲስክ) ወደ ተጋጣሚ ክልል ወርውሮ ያሳድዳት ነበር። ሶቪየቶች ግን ቦታ እየተቀያየሩና እየተሽከረከሩ ፓኳን በቅብብል ይዘው ይቆዩ ነበር። ብሩክስ ይህን አጨዋወት ከአሜሪካውያን ጉልበትና ግጭት ጋር አዋሐደው። በዚሁ መንገድ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን በ1974፣ በ1976ና በ1979 የአገሪቱ ኮሌጆች ሻምፒዮን አደረገ።

ስልቱ ግን እግር ይፈልጋል። በመስከረም 1979 ኦስሎ ላይ ቡድኑ ከኖርዌይ ጋር 3 ለ 3 ሲለያይ፣ ብሩክስ ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል አላስገባቸውም። ከመስመር መስመር በሸርተቴ እያስሮጠ መለሳቸው፤ የአዳራሹ መብራት ከጠፋ በኋላም አላቆመም። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን የሌክ ፕላሲድን ሦስተኛና የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዎች ተመልከቱ። በሶቪየቶች 3 ለ 2 እየተመሩ ገብተው ሁለት አግብተው ወጡ። ወርቁን ባረጋገጡበት ጨዋታ ደግሞ በፊንላንድ 2 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው ሦስት ጨምረው 4 ለ 2 አሸነፉ። በዚያው በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር በመጨረሻው ዙር ማርሽ ሲቀይር ያየ ሰው፣ በማብቂያው ላይ የሚወጣ ጉልበት አስቀድሞ እንደሚጠራቀም ያውቃል።

ዕድልስ የለበትም ወይ? አለበት። ሶቪየቶች 39 ጊዜ ወደ ግብ ሲመቱ አሜሪካውያን የመቱት 16 ብቻ ነው፤ ግብ ጠባቂው ጂም ክሬግ ባይኖር ክርክሩም ባልተነሣ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ቀን ብቻ ሲቀር በእነዚሁ ሶቪየቶች በወዳጅነት ጨዋታ 10 ለ 3 ተሸንፈው እንደነበርም አይካድም። የሶቪየቱ አሰልጣኝ ቲኾኖቭ ታላቁን ግብ ጠባቂ ትሬትያክን መቀየሩም ጠቅሟቸዋል። ቅያሪው ግን ከሰማይ አልወረደም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ትሬትያክ ከሩቅ የተመታችውን ፓክ መለሳት፤ ተከላካዮቹ ጊዜው አለቀ ብለው ሲዘናጉ ማርክ ጆንሰን በመካከላቸው ሾልኮ አንድ ሰከንድ ሲቀር አስቆጠረ። ቲኾኖቭን ያስቆጣው ይህ ነው፤ ይህም እስከ ፊሽካው ድረስ የመሮጥ ልማድ ውጤት ነው።

ሌሎች ደግሞ ብሩክስ በኋላ አራት የፕሮፌሽናል ክለቦችን ይዞ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አንድም ጊዜ አላነሣም ይላሉ። እውነት ነው። ሆኖም የእሱ ሥራ ራሱ የመረጣቸውን ወጣቶች ለወራት መግራት የሚጠይቅ ነበር፤ ከሃያዎቹ የሌክ ፕላሲድ ተጫዋቾች ዘጠኙ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እጁ ላይ ያደጉ ናቸው። ይህን ነፃነት የፕሮፌሽናል ክለብ አይሰጥም። የፕሮፌሽናል ከዋክብትን ይዞም ቢሆን በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ አሜሪካን ለብር አብቅቷል።

በ1980 ራልፍ ኮክስ የተባለውን ተጫዋች በመጨረሻው ሰዓት ከቡድኑ የቀነሰው፣ በ1960 ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰበት ብሩክስ ነው። ድሉ ሲበሠር ተጫዋቾቹን በደስታቸው ትቶ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2003 በ66 ዓመቱ በመኪና አደጋ አረፈ። ያ የሌክ ፕላሲድ ሜዳ ዛሬ በስሙ ይጠራል።