የብሎን ማያያዣ በብረት መዋቅር

የብሎን ማያያዣ ቢምን ከኮለን ወይም ፕሌትን ከፕሌት ጋር በብሎንና በዳዶ አጥብቆ የሚያገናኝ የብረት መዋቅር ክፍል ነው። ስለ ጥንካሬው ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው ብሎኑ ስንት ይሸከማል የሚለው ነው፤ ከመሰበሩ በፊት ምን ያህል እንደሚንሸራተትና እንደሚለመጥ መታወቁ ግን ከዚያ አያንስም።

የብሎኑ ደረጃ አናቱ ላይ ተቀርጿል። 8.8 የሚል ምልክት ያለው ብሎን የሚበጠሰው በ800 ሜጋፓስካል ውጥረት ሲሆን፣ ወደ ነበረበት መመለስ የሚያቅተው ከ640 ጀምሮ ነው። ለ10.9 ቁጥሮቹ 1000 እና 900 ናቸው። ጠንካራው ብሎን ግን ምንጊዜም ይሻላል ማለት አይደለም፤ 10.9 ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው ከ8.8 ባነሰ መጠን ነው።

ባለ 20 ሚሊሜትር ብሎን በተለምዶ 22 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ፕሌቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳቡ መጀመሪያ የሚይዛቸው በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ነው። ጭነቱ ሰበቃውን ሲያሸንፍ በድንገት ይንሸራተታሉ፤ ብሎኑ በሁለቱም ቀዳዳዎች መሃል ላይ ከነበረ 2 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ የቀዳዳውን ግድግዳ መግፋት ይጀምራል፤ ክቡ ቀዳዳም ቀስ በቀስ ይሞላላል። መጨረሻው ወይ የብሎኑ መቆረጥ፣ ወይ የፕሌቱ እስከ ጠርዙ መቀደድ፣ ወይም በቀዳዳዎቹ መስመር መበጠስ ነው። የአውሮፓ የብረት መዋቅር ደንብ የሆነው ዩሮኮድ 3 የቀዳዳው መሃል ከጠርዙ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት 1.2 እጥፍ፣ እዚህ 26.4 ሚሊሜትር፣ እንዲርቅ የሚያዝዘው መቀደዱን በመፍራት ነው።

መንሸራተት በማይፈለግባቸው እንደ ድልድይ ባሉ ሥራዎች ብሎኑ አስቀድሞ ይወጠራል። ባለ 20 ሚሊሜትር 10.9 ብሎን እስከ 172 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም እስከ መበጠሻ አቅሙ 70 በመቶ ድረስ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ድካም ግን ፕሌቶቹ የሚገናኙበት ገጽ ዘይት ከነካው ዋጋ ያጣል።

ብሎኑ በቁመቱ ሲሳብ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቀጭን ፕሌት ሲታጠፍ ጠርዙ ከኋላው ያለውን ብረት ይደገፍና፣ ሚስማር እንደሚነቅል መዶሻ ብሎኑን ይፈለቅቀዋል። ስለዚህ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከውጭ ከመጣው ጭነት ይበልጣል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ፕሌቱ ቢለመጥ ይመረጣል፤ የታጠፈ ፕሌት ለዓይን ይታያል፣ ብሎን ግን ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። ሳያስጠነቅቁ መሰበር የብሎን ብቻ ችግር አይደለም፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ይለመጣሉ ተብለው የታመኑ በርካታ የተበየዱ የቢምና የኮለን ማያያዣዎች ሳይለመጡ ተሰንጥቀው ተገኝተዋል።

ማያያዣዎች በሚለመጡት መጠን ስለሚለያዩም፣ ዩሮኮድ 3 በግትርነታቸው በነፃነት የሚዞር፣ ከፊል ግትርና ግትር ብሎ በሦስት ይመድባል።